ድንች ማብቀሉን ችዬዋለሁ፤ ማቆየቱ ግን አቃተኝ (ጎንደር)

የማራኪ ጓሮ | ግንቦት 3

ጤና ይስጥልኝ የጓሮ ወዳጆች። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ከቤቴ ጀርባ 5 በ8 ሜትር የሆነች መሬት አለችኝ። አምና ሣር ከሚወርሳት ብዬ ድንች ተከልኩባት። ዘሩ ከቅዳሜ ገበያ ለወጥ ገዝቼው ማድ ቤት ውስጥ የጎነቆለ ድንች ነበር። ለጀማሪ አልከፋኝም፤ ጥቅምት ላይ ቆፍሬ በጎረቤት ሚዛን ስመዝነው 60 ኪሎ ሆነ። ልጆቼ ድንች ከአፈር ሲወጣ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለነበር ዕለቱን እንደ ዓመት በዓል አሳለፍነው።

ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድንቹን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ በሁለት ማዳበሪያ (ከረጢቱን ማለቴ ነው) ሞልቼ፣ አፉን ጥርቅም አድርጌ አስሬ፣ ማድ ቤት ጥግ ከሽንኩርቱ አጠገብ አቆምኩት። ለዐቢይ ጾም ይደርስልኛል ብዬ ነበር። የገና ጾም እንኳ ሳያልቅ ቤቱ ሸተተ። ስፈታው ከሥር ያለው ውኃ ሆኗል፤ መሃል ያለው ጣት የሚያህል ነጭ ጎንቆል አውጥቷል፤ ፀሐይ ላይ የከረመው ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀቅሉት ይመራል። 30 ኪሎ ያህሉን ጣልኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ድንቹስ?» እያለ ይስቅብኛል።

ዘንድሮም መትከል እፈልጋለሁ። ዘር ከየት ይገኛል? ከቆፈርኩት በኋላስ የት ላስቀምጠው?

ከዳባት | ግንቦት 3

አራት ጥፋት በአንድ ከረጢት! አይዘኑ እህቴ፤ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ማጠቡ። ልጡ ገና ያልጠና ድንች ውኃ ሲነካው ለመበስበስ በር ይከፈትለታል። አፈሩን ሲደርቅ በእጅ ማራገፍ ይበቃል። ፀሐዩ ደግሞ አረንጓዴ አደረገው። ድንች ብርሃን ሲመታው ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ያበጃል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ አይጎዳም፤ መርዙ አብሮት መምጣቱን የሚናገር ምልክት ነው እንጂ። ቢቀቅሉትም አይጠፋም፤ ለልጆች እንዳይሰጡ። ከረጢቱም ችግር አለበት፤ ድንች ከተቆፈረ በኋላም ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ያልበዋል። አፉ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ በራሱ ላብ ነው የሰጠመው። ሽንኩርቱ ደረቅ ቦታ ይወዳል፣ ድንቹ ደግሞ እርጥበት ያለው ቀዝቃዛ ቦታ። ጎረቤት ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

60 ኪሎ ማግኘትዎ ግን ያስገርመኛል። የገበያ ድንች በክረምት ተክሎ ምች (ቅጠሉን የሚያቃጥለው በሽታ) ሳይመታው መቅረቱ ዕድል ነው። ዘንድሮም ዕድሉ ይደገማል ብለው እንዳይተማመኑ።

ሻለቃ በጡረታ | ግንቦት 4

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ድንች አላስቀምጥም፤ መሬት ያስቀምጥልኛል። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ እዚያው እተወዋለሁ። ወጥ የሚሠራበት ቀን ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ለዕለቱ የሚበቃኝን እቆፍራለሁ፣ እመለሳለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከረጢት የለ፣ መጋዘን የለ፣ ሽታ የለ። ልጄ፣ ዘንድሮ እንዲህ አድርጊና ባልሽም መሳቁን ይተዋል።

እናት ዘአዘዞ | ግንቦት 4

ሻለቃ፣ መሬቱን እንዲህ ያመኑት ፍልፈል ጎብኝቶዎት ስለማያውቅ ነው። እኔ ደርግ በወደቀ ማግስት ገደማ እንደ እርስዎ መሬት ውስጥ ተውሁ። ከላይ ሲታይ መደቡ ደኅና ነው። ኅዳር ላይ ለእንግዳ ልቆፍር ብወጣ ዶማው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ፍልፈሉ ከሥር ከሥር እየሄደ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ቤቱ አግዞታል። የቀረኝ ድንች ቢኖር እሱ የጠላው ነበር! እንግዳዬን ሽሮ አበላሁ።

ልጄ፣ እኔ ስተክል በየጉድጓዱ እፍኝ አመድ እጨምራለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ ትል አይነካውም። ሌላው፣ የእኛ የአዘዞ መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጌ፣ በግራና በቀኙ ቦይ አበጅቼ ነው የምተክለው። የማራኪን አፈር አላውቀውም። ዝናብ ሲያባራ ውኃ የሚያቁር ከሆነ አንቺም መደብሽን ከፍ አድርጊው፤ ድንች እግሩ ውኃ ውስጥ ከገባ አያድግም።

የደብረ ታቦር ልጅ | ግንቦት 5

ድንች የሚጠየቀው ጉና ሥር ነው! ጎንደሬዎች ቤተ መንግሥት ስትገነቡ እኛ መሬት ስንቆፍር ነበር። (ቀልድ ነው፤ ሻለቃ እንዳይቆጡ።)

ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ልበል። ድንች ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣ ነው፤ ወደ እኛ አገር ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፋል። አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ በ3 ዓመቱ ማለት ነው። ስለዚህ «የአባቴ ዘዴ» ስንል ብዙም ወደ ኋላ አንሄድም፤ ጤፉን እንጂ ድንቹን ከአዳም አልወረስነውም።

የሰብል ባለሙያ | ግንቦት 6

ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ፤ መስክ ላይ ነበርኩ። በመጀመሪያ ስለ ዘሩ፤ የጠያቂዋ ነገር ግማሹ እዚያ ላይ ያልቃልና።

ለወጥ የተሸጠ ድንች ለዘር መዋሉ አደጋ አለው። ሲያዩት ንጹሕ የሆነ ድንች ውስጡ የሚያጠወልግ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ይህ በሽታ አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል፤ መድኃኒት የለውም። ምልክቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ቀን ቀን የሚጠወልግ ተክል ሲያዩ ግንዱን ከሥሩ ቆርጠው ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ዘንበል ሳያደርጉ ያቁሙት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ቦታ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው ነው። ተክሉን ከነሥሩና ከነድንቹ ነቅለው ያቃጥሉ፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣሉት።

ዝርያን በተመለከተ፣ ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ፣ ከአዴት የምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ በደጋማው አገራችን ይታወቃሉ። ጉደኔና በለጠ መነሻቸው ፔሩ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ነው፤ ምችን ከአካባቢው ዘር ይሻላል በሚባል ደረጃ ይቋቋማሉ። «ይቋቋማሉ» ማለት «አይነካቸውም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ዘሩን ከፍ ካለ አገር ማምጣት ይመረጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ዳባት ግን ከ2,500 በላይ ናት። እዚያ ብርዱ ክሽክሽ የሚባለውን ቫይረስ አዛማች ተባይ ስለሚቀንሰው ዘሩ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

ሌላው፣ አምና ድንች የነበረበት መደብ ላይ ዘንድሮ ድንች አይድገሙ። ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬም ዘመዶቹ ስለሆኑ በሽታውን ይወርሳሉ። ባቄላ ወይም ጎመን ያስገቡበት፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ይረፍ። አምና ሳይለቀም ቀርቶ በራሱ የበቀለ ድንች ካለም ይንቀሉት። ያሳዝናል፤ ግን የበሽታ ማደሪያ ነው።

እናት ዘአዘዞ፣ አመዱን በተመለከተ ከእናትዎ ጋር አልጣላም፤ ፖታሽየም ስላለው ይጠቅማል። ሲበዛ ግን የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ የድንቹ ልጥ እከክ ያወጣል። ቆንጥረው እንጂ በእፍኝ አይሁን።

እናት ዘአዘዞ | ግንቦት 6

እከኩን አይቼዋለሁ፤ ከአመዱ መሆኑን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። ልጣጩን ስልጥ አብሮ ይሄዳል እያልሁ ችላ ብየው ነበር። እሺ፣ በቁንጥር ይሁን።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ | ግንቦት 8

መሬት ለሌለን ሰዎችስ? እኔ በረንዳ ላይ በጆንያ ሞክሬያለሁ። ከሥሩ ቀዳድቼ፣ አፉን እስከ ግማሹ አጥፌ፣ አንድ ስንዝር አፈርና ብስባሽ ጨምሬ 3 ድንች ተከልኩ። ተክሉ ባደገ ቁጥር ጆንያውን እየዘረጋሁ አፈር ጨመርኩ። ከአንድ ጆንያ 2 ኪሎ ተኩል አገኘሁ። ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ጆንያ ኩንታል የሚያወጡት ሰዎች የት አገር እንደሚኖሩ ባውቅ ሄጄ እሳለማቸው ነበር። የእኔ ትልቁ ችግር ውኃ ነው፤ ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ነው የማጠጣው። ጆንያ ደግሞ ከመሬት ቶሎ ይደርቃል።

ከዳባት | ግንቦት 8

ወንድሜ፣ ሁለት ተኩል ኪሎ ከጆንያ ጥሩ ነው። የምታጠጣውን ውኃ ለመቆጠብ የአፈሩን ፊት በጭድ ሸፍነው። አንድ ቀን አጥለቅልቀህ ሳምንት ከማስጠማት ግን ጥቂት በጥቂት ይሻላል፤ ጠምቶት ቆይቶ በድንገት የጠጣ ድንች ይሰነጠቃል፣ መሃሉም ባዶ ይሆናል።

እህቴ የማራኪ ጓሮ፣ እኛ ዘንድ የጉደኔ ዘር አለ። ቅዳሜ ለገበያ ስለምወርድ 5 ኪሎ ላመጣልዎ እችላለሁ። ገንዘብ አልቀበልም፤ በአገራችን ደንብ ከአዝመራው ዘሩን ይመልሳሉ።

የማራኪ ጓሮ | ሰኔ 2

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከዳባት ቃሉን ጠብቆ ዘሩን አምጥቶልኛል። ሁሉም የእንቁላል መጠን ያለው፣ ጎንቆሉ አጭርና ወፍራም፣ ወይን ጠጅ የሚመስል ቀለም ያለው ነው። የእኔ የአምናው ጎንቆል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ክር ነበር።

የድሮው መደቤ ላይ ባቄላ ዘራሁ። ድንቹን ያስገባሁት አጥሩ ሥር ጎመን በነበረበት 7 በ4 ሜትር ቦታ ነው። አምስት መስመር ወጣልኝ፤ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30። ጥልቀቱ አንድ መዳፍ፣ ጎንቆሉ ወደ ላይ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ጨምሬያለሁ። ትልልቆቹን ለሁለት ልቆርጣቸው አስቤ ነበር፤ ባለሙያው ስለ ባክቴሪያው የጻፉትን ሳስታውስ ቢላዬን መለስኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ አራቱ መስመር ጉደኔ ነው፤ አምስተኛው ግን ከአምናው የተረፈኝ የገበያ ድንች ነው። መጣል አልሆነልኝም።

የሰብል ባለሙያ | ሰኔ 3

ባይቆርጧቸው ጥሩ አደረጉ። መቁረጥ ግድ የሆነበት ሰው ቢላውን በየድንቹ መካከል በበረኪና ውኃ ይንከር።

አምስተኛው መስመር ግን… እሺ፤ ቢያንስ ዳር ላይ ያድርጉት፤ ነፋሱ ወደሌሎቹ በማይወስድበት በኩል።

የማራኪ ጓሮ | ሐምሌ 9

ተክሉ ስንዝር አልፏል። አፈር ማስታቀፍ የሚባለው አሁን ነው?

ከዳባት | ሐምሌ 9

አሁን ነው፣ ቢዘገዩ ይቆጭዎታል። መጀመሪያ አረሙን ይንቀሉ። ከዚያ ከመስመሩ መካከል ያለውን አፈር ከግራና ከቀኝ እየሳቡ ግንዱን እስከ ግማሹ ይቅበሩት፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ አበባ ሳያወጣ፣ ይድገሙት። ድንቹ የሚያድገው ከተከሉት ዘር በላይ ባለው ግንድ ላይ እንጂ በታች አይደለም። አፈር ካላገኘ ወደ ላይ ወጥቶ ብርሃን ያገኘዋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው የድንች ብል ነው፤ ትንሽ ግራጫ የእሳት ራት ናት፤ አፈሩ ተሰንጥቆ ብቅ ያለ ድንች ስታገኝ ዓይኑ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉ ውስጥ ለውስጥ ይፈለፍለዋል። ከዚያ እርስዎ ራስዎ በእጅዎ ተሸክመው ወደ ቤት ያስገቡታል።

ሥሩን እንዳይቆርጡ፤ ቅርብ ነው፤ ዶማውን በጥልቀት አይስደዱት።

የማራኪ ጓሮ | ነሐሴ 12

ጩኸቴን ስሙኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጭጋግ ነበር፤ ፀሐይ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት አምስተኛው መስመር (አዎ፣ የናዘዝኩት መስመር) ቅጠሉ ጠርዙ ላይ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል፤ ጥቁር ቡናማ ነው። ቅጠሉን ስገለብጠው ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለ። ሽታም አለው። ጉደኔዎቹ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ አየሁ።

የሰብል ባለሙያ | ነሐሴ 12

ገበሬው ምች መታው የሚለው ይኸው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1845 የጀመረውን የአየርላንድ ረሃብ ያመጣው በሽታ ይኸው ራሱ ነው። እርጥበትና ቅዝቃዜ ካገኘ አንድ ማሳ በቀናት ውስጥ ያነዳል። ብዙ ገበሬዎች የአካባቢውን ዘር በክረምት መትከል ትተው ወደ መስኖ የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬውኑ የአምስተኛውን መስመር ግንድ ከመሬቱ ላይ ቆርጠው ከጓሮው ርቆ ይቅበሩት። ድንቹን ግን አሁን አይቆፍሩ! ቅጠሉ ላይ ያለው ዘር መሰል ዱቄት አፈሩ ፊት ላይ ስላለ፣ አሁን ከቆፈሩት ድንቹን ይበክለዋል። ሁለት ሳምንት ይታገሡ። የጉደኔዎቹን የታመሙ ቅጠሎች ይልቀሙ። የሚረጭ መድኃኒት ከፈለጉ ማንኮዜብ የሚከላከለው በሽታው ሳይገባ ነው፤ ሪዶሚል ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባል፤ ግን ደጋግሞ እሱን ብቻ መርጨት በሽታውን ያስለምደዋል። መለያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከመቆፈር በፊት የሚጠበቀውን ቀን ያንብቡ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ልጆች እንዳይቀርቡ።

የማራኪ ጓሮ | ነሐሴ 13

ቆረጥኩት። ከዝናብ በታች ቆሜ ስቆርጥ ባለቤቴ ጃንጥላ ይዞልኝ ነበር፤ ዘንድሮ አልሳቀም። ጉደኔዎቹን አንድ ጊዜ ማንኮዜብ ረጭቻለሁ።

ሻለቃ በጡረታ | መስከረም 18

እንኳን አደረሳችሁ። የማራኪዋ ልጄ ድንቹ ምን ሆነ? እኔ ዘንድሮም አንድ መስመር መሬት ውስጥ ልተው ነው። እናት ዘአዘዞ፣ ፍልፈልዎን ይላኩት፤ እጠብቀዋለሁ።

የማራኪ ጓሮ | መስከረም 20

እንኳን አብሮ አደረሰን ሻለቃ። አምስተኛውን መስመር ቆፍሬዋለሁ፤ 4 ኪሎ፣ አብዛኛው የዋልያ እንቁላል… ይቅርታ፣ የድርጭት እንቁላል የሚያህል። ጉደኔዎቹ ቅጠላቸው መገርጣት ጀምሯል። ልቆፍር?

ከዳባት | መስከረም 20

(ዋልያ እንቁላል ከጣለ እኛ ሰሜን ተራራ ሥር ያለነው ሳንሰማ አንቀርም ነበር።)

አይቆፍሩ። ዛሬ ቅጠሉንና ግንዱን ብቻ አጭደው ያንሡ፤ ድንቹን መሬት ውስጥ 2 ሳምንት ይተዉት። በዚያ ጊዜ ልጡ ይጠነክራል። ከዚያ አንዱን አውጥተው በአውራ ጣትዎ ያሹት፤ ልጡ ከተገፈፈ ገና ነው፣ ካልተገፈፈ ደርሷል። ሲቆፍሩ ዝናብ የሌለበትን ጠዋት ይምረጡ፤ ከመስመሩ ራቅ ብለው ይጀምሩ። ድንቹን አይወርውሩት፤ እንደ እንቁላል ይያዙት። የተቆረጠውንና የተጋጨውን ለብቻ አድርገው መጀመሪያ ይብሉት።

የማራኪ ጓሮ | ጥቅምት 6

ቆፈርኩ! ከአራቱ መስመር 43 ኪሎ። ከአምናው ያነሰ ይመስላል፤ መሬቱ ግን የአምናው ግማሽ ያህል ነው። አልታጠበም፣ ፀሐይ አላየም። በረንዳ ጥላ ላይ ጆንያ ዘርግቼ ለሁለት ቀን አናፈስኩት። አሁን ቁርጡን ንገሩኝ፤ የት ላስቀምጠው?

የሰብል ባለሙያ | ጥቅምት 6

አሁን የውይይቱ ዋና ነገር ላይ ደረስን። የሚበላው ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ የሚተከለው ብርሃን። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ አንዱ ይጠፋል።

ለሚበላው፦ በቤትዎ ውስጥ ከምድጃ የራቀውን፣ ወለሉ አፈር ወይም ሲሚንቶ የሆነውን፣ ፀሐይ የማይመታውን ክፍል ይምረጡ። ከወለሉ በጣውላ ወይም በድንጋይ ከፍ አድርገው ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ያድርጉት፤ አይከምሩት። በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ፤ አየሩ ግን እንዳይዘጋ። በየሳምንቱ ያገላብጡ። አንድ የበሰበሰ ካለ አፍንጫዎ ይነግርዎታል፤ ወዲያው ያውጡት። በጎንደር የአየር ጠባይ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይልዎ ጥሩ ነው። ዐቢይ ጾም ድረስ ሁሉም ይደርሳል ብዬ አልዋሽዎትም።

ለዘር፦ የእንቁላል መጠን ያላቸውን፣ በሽታ ካልነካው ተክል የወጡትን ይምረጡ። የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ሁለት ድርብ ብቻ አድርገው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ብርሃን ግን ዘወር ብሎ በሚገባበት ቦታ ያኑሩ። አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ይሁኑ። ለመብላት የሚከለከለው አረንጓዴ ለዘር ይጠቅማል፤ ጎንቆሉን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል።

እናት ዘአዘዞ | ጥቅምት 7

ይገርማል። አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ብርሃን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉንም አልጋ ሥር ስከት ነው የኖርሁት። ዘር ሲጠፋብኝ «መሬቱ ደከመ» እያልሁ መሬቱን እወቅሰው ነበር።

ልጄ፣ የተጋጨውን ቶሎ አልጫ ሥሪው፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ቃሪያ፤ ድንቹን ቀድመሽ በጥቂት ዘይት ገልበጥ ገልበጥ ካደረግሽው አይፈርስም።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ | ጥቅምት 7

እኔ ዘር ለማስቀመጥ ጨለማ ስላጣሁ ነበር የማዝነው። ለካስ በረንዳዬ መጋዘን ኖሯል።

ሻለቃ በጡረታ | ታኅሣሥ 4

ሪፖርት። መሬት ውስጥ የተውሁት መስመር ጥቅምትንና የኅዳርን ግማሽ ደኅና ቆየኝ፤ ጣዕሙም ከመጋዘን ድንች ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ዝናቡ ቆሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ግን ነገሩ ተለወጠ። ትናንት ካወጣሁት 10 ድንች ውስጥ 6ቱ በትል ተፈልፍለዋል፤ ከዓይናቸው ላይ ጥቁር ጥቁር ኩስ ይወጣል። ፍልፈል አልመጣም፤ እናት ዘአዘዞ ልብ ይበሉ። የመጣችው ያቺ የእሳት ራት ናት።

የቀረውን ዛሬ ቆፍሬ ጨረስሁ። አባቴ ይህን የሚያደርገው ወገራ ላይ ነበር፤ እዚያ ብርድ ነው። ጎንደር ላይ እስከ ኅዳር አጋማሽ ብቻ ነው በሉ።

እናት ዘአዘዞ | ታኅሣሥ 4

ሻለቃ ተሸነፉ እንዳልል፣ ግማሹን አሸንፈዋል። ፍልፈሉን ወደ እርስዎ ጓሮ ያልላክሁት አክብሬዎት ነው።

የማራኪ ጓሮ | ታኅሣሥ 21

የእኔም ሪፖርት ይኸው። ለምግብ ካስቀመጥኩት 30 ኪሎ ውስጥ እስከ ዛሬ የጣልኩት 2 ኪሎ አይሞላም። ለመጎንቆል እያሰበ ያለውን እየለቀምኩ ቀድሜ እያበሰልኩ ነው፤ 9 ኪሎ ያህል ቀርቶኛል። ማድ ቤቱ አልሸተተም። ባለቤቴ ትናንት ማታ «ድንቹስ?» ሲለኝ ቅቅሉን ከነዳጣው ፊቱ አቀረብኩለት።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው የዘር ሳጥን ግን ችግር አጋጥሞታል። ዶሮዎች ደርሰውበት ጫፍ ጫፉን ነቅለውታል። አሁን በሽቦ ወንፊት ሸፍኜዋለሁ። 11 ኪሎ ደኅና ነው፤ ጎንቆሉ ግማሽ ጣት አይሞላም፣ ጠንካራና ቀለም ያለው፣ ልክ ሰኔ ላይ ከዳባት እንደመጣልኝ።

ወንድሜ ከዳባት፣ ያንተ 5 ኪሎ ለብቻው ተመርጦ ተቀምጧል። የቀረውን ጥር ላይ በቧንቧ ውኃ ልሞክረው ነው፤ ያለ ክረምት፣ ያለ ምች። ውኃው የሚመጣበት ቀን ግን አይታወቅም።

ከዳባት | ታኅሣሥ 22

ዶሮ የነቀለው ጎንቆል ከጎኑ ሌላ ያወጣል፤ አይጣሉት። ጥር ላይ ለሚተክሉትም ልብስ የታጠበበት የመጨረሻው ውኃ ሳሙናው ካልበዛ ይሆናል፤ በረኪና የነካው ግን አይሁን። መስመሩን በጭድ ይሸፍኑ።

የእኔን 5 ኪሎ ለእናት ዘአዘዞ ይስጧቸው። አልጋ ሥር እንዳያስገቡት ብቻ ቃል ያስገቧቸው። እኔ ለገና ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፤ ሳጥኑን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

እናት ዘአዘዞ | ታኅሣሥ 22

ቃል ገብቻለሁ። መደቤን ከዛሬ ጀምሬ ከፍ አደርጋለሁ።